ሰባተኛዋ ሥር

ማርሊስ ባልዲውን ገልብጣ ወጣችበትና ከጣውላው አጥር በላይ አንገቷን አሰገገች። ባሏ ዴልማር አጋዘን ሊያድን ሲሄድ የሚይዘውን ባይኖኩላር ዓይኗ ላይ ደቅናለች። በጋውን ሙሉ አጥሩን ጋርዶት የቆየውን የፎሶሊያ ሐረግ ትናንት አንስታዋለች፤ ማዶ፣ በጎረቤቷ በጆሊን ጓሮ፣ ከአጥሩ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ደረት የሚደርስ ተክል ቆሟል። አናቱ ላይ አምስት አበቦች ፈክተዋል። መልካቸው ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ነው፤ የእያንዳንዱ አበባ ቅጠሎች ጫፍ ደግሞ ወተት ውስጥ የተነከረ ይመስል ነጣ ብሏል።

ያንን ነጭ ጫፍ ታውቀዋለች። እሷ ከጋራዡ ጀርባ ከምታበቅለው በቀር ይህ ዳሊያ የትም የለም። ቢያንስ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንዲያ ብላ ታምን ነበር።

“አንቺ ሴትዮ፣ ከዚያ ላይ ውረጂ!” አለ ዴልማር። ቡናውን እንደያዘ በኩሽናው በር ወጥቷል። “ዳሌሽ ቢሰበር አስታማሚው እኔው ነኝ።”

“ድምፅህን ቀንስ። ትሰማሃለች።”

“ማን ናት የምትሰማኝ?”

“ሌባዋ።”

ዴልማር ወደ አጥሩ ጠጋ አለ። ረጅም ስለሆነ ባልዲ አላስፈለገውም። “ጆሊንን ነው? ምን ወሰደችብሽ? ባለፈው እንኳ በረንዳችን ላይ ዝኩኒ አስቀምጣልን ነው የሄደችው።”

“እሱም ስጦታ ሆኖ ነው? በነሐሴ ዝኩኒ ተትረፍርፎበት ሰው በር ላይ ጥሎ የማይሮጥ ማን አለ? እኔ ራሴ በፓስተሩ መኪና ውስጥ አራት ጥዬበት የለ? ይልቅ ያንን እይ። ቀዩን።”

ዴልማር አየ። ቡናውን ፉት አለና “ያምራል” አለ።

“ያምራል? የእማዬ ጥቁሩ ነው እኮ!”

“አበባ አበባ ነው፣ ማርሊስ። ቀይ አበባ ስንት አለ።”

“ጫፉ ነጭ የሆነስ ስንት አለ?”

ዴልማር እንደ ልማዱ ወሬውን ወደ አየሩ አዞረው። “ዛሬ ማታ ውርጭ ይወርዳል ብሏል ሬዲዮው። አንሶላዎቹን ላውጣልሽ?”

የዓመቱ የመጀመሪያ ውርጭ መሆኑ ነው። አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ነገ ጠዋት የከተማው ዳሊያ በሙሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይገኛል። ማርሊስ ይህን ስትሰማ ከባልዲው ወረደች። ማስረጃዋ ዕድሜው እስከ ማታ ብቻ እንደሆነ ገባት።

ሃያ ስምንት ዓመት የትምህርት ቤት ኩሽና ኃላፊ ነበረች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትቆጣጠረው ጓሮዋን ነው። ሚያዝያ ላይ በረዶው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ሐምራዊው የክሮከስ አበባ ብቅ ሲል የመጀመሪያዋ ተመልካች እሷ ናት። ግንቦት መጨረሻ ላይ የፒዮኒው እምቡጥ ጉንዳን ወሮት ሲፈነዳ ሥራዋን ትታ ታየዋለች። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ያሞቀውን ቲማቲም ቆርጣ፣ ከኪሷ ጨው አውጥታ ነስንሳበት፣ እዚያው ቆማ አገጯ ላይ እየፈሰሰ ትበላለች። ከሁሉም የምትወደው ግን ይህንን የመስከረምን ማለቂያ ነበር። የሜፕሉ ዛፍ ከአናቱ መቅላት ይጀምራል፤ ቢጫ ወፎች የደረቀ የሱፍ አበባ ላይ ተገልብጠው ፍሬ ይለቅማሉ። ዛሬ ወፎቹ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሲንጫጩ ቀና ብላም አላየቻቸው።

ጥቁሩ ዳሊያ ሌላ ስም የለውም። እናቷ በእርሻው ቤት ሳሉ ከዘር ያበቀሉት ነው። የአዮዋን በረዶ መሬት ውስጥ ሆኖ አይችልም። በየዓመቱ ከመጀመሪያው ውርጭ በኋላ ስኳር ድንች የሚመስሉት ሥሮቹ ተቆፍረው ይወጣሉ፤ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀብረው ምድር ቤት ይከርሙና ግንቦት ላይ ተመልሰው ይተከላሉ። አንድ ዓመት ብቻ የሚቆፍረው ሰው ካጣ አለቀለት።

ስለዚህ አበባ ከእሷና ከዴልማር በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እናታቸው አርፈው የእርሻው ቤት ሊሸጥ ሲል፣ የማርሊስ ታላቅ እህት ቨርና “አንቺ ቆፍሪያቸው፤ በግንቦት ግማሹን ትሰጪኛለሽ” ብላት ነበር። ማርሊስ ቆፈረች። ግንቦት ሲደርስ ግን ለቨርና ደውላ “ሁሉም በሰበሱ፣ አንድም አልተረፈ” አለቻት። ሥሮቹ በዚያች ሰዓት ምድር ቤት ውስጥ ምንም ሳይሆኑ ተኝተው ነበር። ለምን እንደዋሸች ዛሬም በትክክል አታውቀውም፤ የእናቷን ነገር ለሁለት መክፈል አቃታት፣ ያ ነው። ቨርና በስልኩ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና “አይዞሽ” አለቻት።

ከዚያ በኋላ ቨርና ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ማየት አልነበረባትም። ማርሊስ ለበጋው ምሳ እህቷን መጥራት ተወች። ቨርናም መጥራት ተወች። ዓመት ዓመትን ሲተካ፣ ማርሊስ “የራቀችኝ እሷ ናት” ብላ ራሷን አሳመነች። ባለፈው መጋቢት ቨርና ዳሌዋ ተሰብሮ ከተማው ዳር ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ገብታለች። ማርሊስ ፒዮኒው ሲያልቅ እጠይቃታለሁ አለች። ከዚያ ቲማቲሙን በጠርሙስ አሽጌ ስጨርስ አለች። እስካሁን አልሄደችም።

አሁን ግን የምታስበው ስለ ቨርና አልነበረም። ኩሽና ገብታ የተክል ደብተሯን ዘረጋች። ማርሊስ እያንዳንዷ ሥር ላይ በእርሳስ ቁጥር ትጽፋለች። አምና ሰጋቱራው ውስጥ የቀበረችው አሥራ ሁለት ነበር። ግንቦት ላይ ሳጥኑን ስትከፍት አሥራ አንድ አገኘች። የጎደለችው ቁጥር ሰባት ነበረች። ያኔ አይጥ ናት ብላ ተወችው። አይጥ አልነበረችም፤ አይጥ ብትሆን ፍርፋሪ ትተው ነበር።

የጆሊንን ነገር አንድ በአንድ ታስበው ጀመር። ከሦስት ዓመት በፊት ከትልቅ ከተማ የመጣች ብቸኛ ሴት ናት። አምና ጥቅምት ላይ መሰላል ተውሳ፣ ስትመልስ በምድር ቤቱ በር በኩል ነበር የገባችው። በጋውን ሙሉ ደግሞ በየሐሙሱ ከቀትር በኋላ በጨርቅ የተሸፈነ ባልዲ መኪናዋ ውስጥ ታስገባለች። ደህና ነገር ለምን ይሸፈናል? ዛሬም ሐሙስ ነው።

ደግሞ አታመሰግንም። መጀመሪያ እንደመጣች ማርሊስ የሩባርብ ችግኝ ገምሳ ሰጥታት ነበር፤ ጆሊን ሦስት ጊዜ አመሰገነቻት። በእነሱ አገር ተክል የሰጠን ሰው ማመስገን ነውር ነው፤ ከተመሰገነ ተክሉ አይጸድቅም ይላሉ። ማርሊስ “ሁለተኛ እንዳትይው!” ብላ ተቆጣቻት፤ ሩባርቡም በወሩ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ጆሊን አይሪስም ሆነ ሌላ ተክል ስትቀበል ጭጭ ነው የምትለው። ያስተማረቻት ራሷ ማርሊስ ብትሆንም፣ ዛሬ ይህንንም ከማስረጃው ጋር ደመረችው።

አራት ሰዓት ላይ ሁለት አሮጌ አንሶላ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ የጆሊንን በር አንኳኳች።

ጆሊን ፀጉሯ እርጥብ ነበር። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ፊቷ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። “ማርሊስ! እንደምን አደሩ? ይግቡ።”

“አልገባም። ማታ ውርጭ ነው። የምትሸፍኚበት አንሶላ ባይኖርሽ ብዬ ነው። ያንን ቀዩን ዳሊያ ዛሬ ገና አየሁት።”

የጆሊን ፊት በራ። “አዩት? በመጨረሻ!” አለችና ወዲያው አፏን ያዝ አደረገች።

ማርሊስ ያንን አፍ መያዝ ልብ አለችው። “ውብ ነው። ከየት አገኘሽው?”

“ሰው ሰጠኝ።”

“የዚህ ከተማ ሰው?”

“አዎ… ማለቴ፣ ሰው ነው የሰጠኝ።”

“የዚህን ከተማ ባለዳሊያ ሁሉ እኔ አውቃቸዋለሁ። ማን ይባላል?”

ጆሊን የበሩን እጀታ ይዛ ቀረች። “መናገር አልችልም። ይቅርታዎን።”

“እንዲያ ከሆነ ስትቆፍሪው አንዲት ሥር ትሰጪኛለሽ። ጎረቤት አይደለን?”

“ደስ ባለኝ፤ ግን የኔ አይደለም” አለች ጆሊን ቀስ ብላ። “እባክዎ፣ እኔ ጋ እንዳዩት ለሰው አይንገሩብኝ። ለማንም።”

ማርሊስ አንሶላዎቹን አልሰጠቻትም። ይዛቸው እንደመጣች ይዛቸው ተመለሰች። የኔ አይደለም አለች፣ በገዛ አፏ! ለሰው አይንገሩብኝ አለች! ደሟ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። እንዲያውም የከፋ ነገር መጣባት። ይህች ሴት የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያው ነው። የጎረቤቷን ምድር ቤት ገብታ የሰረቀች፣ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት ቀለበት ከመስረቅ ምን ያግዳታል?

እስከ ምሳ ሰዓት ሲያንገበግባት ቆየና ስልኳን አንስታ መጦሪያው ደወለች። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች።

“ሲወጡ ይደውሉልኝ” አለች ማርሊስ ስሟንና ቁጥሯን አስመዝግባ። “ስለ አንዲት ሠራተኛችሁ ነው። ጉዳዩ ከባድ ነው በሏቸው።”

ስልኩን ስታስቀምጥ ዴልማር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ኮፍያውን ቤት ውስጥ ካወለቀ አንድ ጥፋት አለ ማለት ነው።

“ማን ጋ ደወልሽ?”

“የሚገባው ቦታ።”

“ማርሊስ፣ ቁጥር ሰባትን የወሰደችው እሷ አይደለችም።”

“አንተ በምን አወቅህ?”

“የገደልኳት እኔ ነኛ።” ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “የካቲት ላይ ለውሃ ማለስለሻው መሣሪያ የገዛነውን የጨው ጆንያ ይዤ ስወርድ እግሬ አዳለጠኝ። ጆንያው ሳጥኑ ላይ ወደቀ። አንዷ እንደ ቅቤ ተዳጠች። ከማዳበሪያው ክምር ሥር ቀበርኳት።”

“እና ስምንት ወር ሙሉ አፍህን ዘጋህ?”

“ፊትሽን እያየሁ እንዴት ልናገር? የራስሽን ፊት አይተሽው አታውቂም፣ አንቺ።”

“ለሷ ልትሸፍንላት ነው። የዋህ ነህ፤ ማንም ይሸነግልሃል።”

“ከፈለግሽ ሄጄ ልቆፍርልሽ። የጨው ጆንያውም ላይ ሰጋቱራ ተጣብቆበታል።”

ማርሊስ አየችው። አርባ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ሲዋሽ አንገቱን ያካል። አሁን አላከከም። ንዴቷ መቆሚያ አጣ። “ታዲያ የሷ ዳሊያ ከሰማይ ወረደ? እማዬ ለማንም አልሰጡም። ከኛ በቀር ያለው የለም።”

ዴልማር ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ። “ያን ዓመት እናትሽ ጓሮ ልንቆፍር ስንሄድ መደቡ ዳር ላይ አንድ ጉድጓድ ነበር። አስታወስሽ?”

“ፍልፈል ነው አልኩህ።”

“አልሽኝ። ፍልፈል ግን በአካፋ አይቆፍርም፣ ማርሊስ። አራት ማዕዘን ነበር።”

የዚያ ጓሮ ቁልፍ የነበራቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ማርሊስ ጥርጣሬዋን ከጆሊን ላይ አንስታ ሙሉውን ቨርና ላይ ጫነችው፤ ቅጽበት አልፈጀባትም፤ ጆሊን የምትሠራው ቨርና ያለችበት መጦሪያ ነው። ቨርና! ‘አንቺ ቆፍሪያቸው’ ብላ ስትለፍፍ አስቀድማ ገብታ ድርሻዋን አንስታ ነበር። ‘አይዞሽ’ ያለቻትም እያሾፈች ነበር ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የራሷን ውሸት ትራሷ ሥር አድርጋ ስትተኛ የኖረችው ለዚች ሴት ኖሯል!

“የት ትሄጃለሽ?” አለ ዴልማር።

“እውነቱን ልሰማ።”

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጆሊን የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ አጥሩ ሥር ተንበርክካ ጥቁሩን ዳሊያ እየቆረጠች ባልዲ ውስጥ ትከታለች። ማርሊስ በጓሮው በር ገብታ ከአናቷ ቆመች።

“ለቨርና ነው?”

ጆሊን መቀሷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። “ምን አሉኝ?”

“አበባው ለእህቴ ለቨርና ነው ወይ አልኩሽ። ሥሯን የሰጠችሽም እሷ ናት።”

“ማርሊስ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ። ከምንጦራቸው ሰዎች ስጦታ ከተቀበልን ያባርሩናል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬን አውቃለሁ፣ ለአንድ ሻርፕ ነው ያባረሯት። ስለእነሱ ውጭ ማውራትም ክልክል ነው። ለዚያ ነው ጠዋት…”

“አንቺን ማን አለሽ! እሷን ነው የምለው። የሰረቀችውን አንቺ ጓሮ ውስጥ ትደብቃለች! እናቴ ጓሮ ቀድማኝ ገብታ…”

“ቨርና ነግረውኛል” አለች ጆሊን። “ቀድመው ገብተው አንዷን ማውጣታቸውን ራሳቸው ነግረውኛል። የእርስዎ በሙሉ መበስበሳቸውንም ነግረውኛል።”

ጆሊን ጉልበቷን አራግፋ ተነሳች። “እርስዎ በስልክ የነገሯቸው ዕለት፣ ‘እኔ ጋ አንድ አለችኝ’ ሊሉዎት ፈልገው አፈሩ። ሰርቄ ነው እንዴት ይባላል ብለው። ከዚያ ቤቴ ብትመጣ ታያታለች ብለው መጥራቱን ተዉት። አሁን ቤታቸው ሊሸጥ ሲል ከምድር ቤት አንድ የቡና ጣሳ እንዳመጣላቸው ለመኑኝ። ሥሯ እሱ ውስጥ ነበረች። ‘አጥሩ ሥር ትከያት፤ እህቴ ከኩሽናዋ መስኮት እንድታያት’ አሉኝ። ‘ዘጠኝ ዓመት የእማዬን አበባ ሳታይ፣ ምስኪን’ አሉ።”

“ምስኪን አለችኝ?”

“ምስኪን ነው ያሉት። እንዳላመሰግናቸውም አስጠንቅቀውኛል።” ጆሊን ፈገግ ለማለት ሞከረች። “እኔ ሞኟ የተከልኩት ፎሶሊያዎ የሚጋርደው ቦታ ላይ ነው። በጋውን ሙሉ ሐረጉን እስኪያነሱ ስጠብቅ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አበባውን ስወስድላቸው ‘አየችው?’ ይሉኛል። ‘ገና ናት’ እላቸዋለሁ።”

ማርሊስ አጥሩን ያዘች። አፈረች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ያን የስልክ ዝምታ እንደ ቅዝቃዜ ስትቆጥረው ኖራለች፤ ቨርና ግን እያዘነችላት ነበር። እሷ ከጋራዡ ጀርባ አሥራ አንድ አብቅላ፣ ባለአንዷ እህቷ እሷን ምስኪን ትላታለች።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ስታነሳው የሴት ድምፅ ነው። “ከአረጋውያን መጦሪያው ነው። ስለ አንዲት ሠራተኛችን ከባድ ጉዳይ አለኝ ብለው ነበር?”

ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። የጆሊን ፊት አመድ መሰለ። ባልዲውን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘች፣ የሚደብቃት ይመስል።

“አይ፣ ተሳስቼ ነው” አለች ማርሊስ። “ስናረጅ የምንለውን አናውቀውም። የፈለግኩት የመጠየቂያ ሰዓቱን ነበር። እህቴ እናንተ ጋ ናት።”

“እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው። ግን እኮ ሠራተኛ ብለው…”

“ሠራተኞቻችሁ ደጎች ናቸው ልል ነበር እንበል” አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሜፕሉ ላይ ሽኮኮ ይሯሯጣል።

“እኔን ነበር?” አለች ጆሊን።

“አንቺን ነበር። ይቅር በይኝ።” አለች ማርሊስ። “ለእህቴ ስላደረግሽላት ደግሞ፣ ጆሊን፣ አመሰ…”

“እንዳይሉት!” ጆሊን እጇን ዘረጋች። “ተክል ላይ አይባልም። ራስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።”

ማርሊስ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ።

“አሁን ወደ ሥራ ልሄድ ነው፤ አብረውኝ ይምጡ” አለች ጆሊን። “‘አየሁት’ ይበሏቸው። ሌላ ምንም አይጠብቁም። ያቺን አንዲት ቃል ነው የሚጠብቁት።”

ቀላል ነገር ነው። ባዶ እጇን ገብታ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ ‘አየሁት፣ ውብ ነው’ ማለት ብቻ። ቨርና ታለቅሳለች፣ እሷም ታለቅሳለች፣ ይታረቃሉ። የበሰበሱት እንደበሰበሱ ይቀራሉ። ዴልማር ደግሞ ትንፍሽ እንደማይል ስምንት ወር ሙሉ አስመስክሯል። ማርሊስ ይህን ሁሉ አሰበችው፤ ሳይጥማትም አልቀረም።

“አምስት ደቂቃ ጠብቂኝ” አለች።

ከጋራዡ ጀርባ አሥራ አንዱ ዳሊያ በተርታ ቆመዋል፤ ጥቁር ቀይ፣ ጫፋቸው ነጭ፣ በእያንዳንዱ ሥር ቁጥር የተጻፈበት የቆርቆሮ ምልክት ተተክሏል። የዘንድሮን ያህል አብበው አያውቁም። መቆፈሪያውን አንስታ ከሁሉ ባማረው በቁጥር አራት ዙሪያ መሬቱን ወጋች። ዳሊያ ውርጭ ሳይመታው አይቆፈርም፤ ይህንን የጣሰ ሰው ከማርሊስ አፍ ተርፎ አያውቅም። ግንዱን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችና ከነሥሩ፣ ከነአበባው፣ ከነአፈሩ አወጣችው። ጠዋት የቆመችበት ባልዲ ውስጥ አስቀመጠችው። የቆርቆሮውን ምልክት ልትጥል አለችና መልሳ አፈሩ ውስጥ ሰካችው።

ዴልማር አንሶላዎቹን ታቅፎ መጣ። ባልዲውን አየ፣ ጉድጓዱን አየ።

“ውርጭ ሳይመታው ቆፈርሽው?”

“ቆፈርኩት።”

“ቨርና ጋ ልትሄጂ ነው?”

“ልሄድ ነው።”

“ታዲያ አበባውን ቆርጠሽ አትወስጂላትም? ይህን ሁሉ አፈር ምን ያደርግላታል?”

“አበባ ብቻ ብወስድ የጆሊን ይመስላታል። ሥሩን ካላየች አታውቅም።”

ዴልማር ባልዲውን ሊያነሳላት እጁን ሰደደ፤ እሷ ግን ቀድማ አነሳችው። ከመንገዱ በኩል የጆሊን መኪና ሞተር ተነሳ።

“የቀሩትን አሥሩንስ?” አለ ዴልማር አንሶላውን እየዘረጋ። “ያው የሚቆፈሩ ናቸው። ልሸፍን ወይስ ልተዋቸው?”

ማርሊስ ባልዲውን በሁለት እጇ ታቅፋ ዞር አለች።

“ሁሉንም ሸፍን” አለች። “ቅዳሜ ቨርናን አመጣታለሁ፤ የሷን አምስት ራሷ ትምረጥ።”